በ‹መ› ሆድ ውስጥ የተረፈችው ነጥብ

ሰው የጻፈው ላይ ስሕተት አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች ፊደል ሳስቆጥር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ጡረታ ወጥቼም አመሉ አልለቀቀኝም። ያን ዕለት ከገበያ ስመለስ ዝናቡ ድንገት ዶፍ ሲሆንብኝ ሮጬ የተጠለልኩት ከጎረቤቴ ከታፔላ ጸሐፊው ሱቅ በረንዳ ሥር ነበር። እሳቸው ደጃፉ ላይ በርጩማ ስበው፣ አንዲት ላሜራ ጭናቸው ላይ አስደግፈው ይጽፋሉ። እንደ ሰው ‹‹እንደምን ዋሉ›› ማለት ሲገባኝ አፌ ቀደመኝ።

‹‹ጋሽ ታፔላ፣ ‹ዐረፈ› በዐይኑ ‹ዐ› ነው የሚጻፈው! ስንት ጊዜ ልንገርዎት?››

ጋሽ ታፔላ ያልናቸው የሠፈራችን ሱቅና ጋራዥ፣ ጸጉር ቤትና መድኃኒት ቤት ከበሩ በላይ የሰቀለው ሰሌዳ ሁሉ የእጃቸው ሥራ ስለሆነ ነው። እኔ ደግሞ የእሳቸውን ሰሌዳ ሳርም ነው የኖርኩት። ሃያ ዓመት ተጨቃጭቀናል፣ ተቀያይመን ግን አናውቅም። እንደ ወትሮው ‹‹እርስዎ ደሞ! ‹አ› ከ‹ዐ› በምን ያንሳል?›› ብለው ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ ቡሩሹን አወረዱት።

‹‹ይቅርታ እትዬ። ለራሴ ስጽፍ ተቻኮልኩ መሰለኝ።››

‹‹ለራስዎ ምን?››

ላሜራዋን አዙረው አሳዩኝ። ከላይ ሙሉ ስማቸው፤ ቀጥሎ ‹ታፔላ ጸሐፊ›፤ ከሥሩ ‹ተወለደ› ተብሎ ዓመተ ምሕረቱ፤ ከዚያ በታች ‹አረፈ› ተብሎ ባዶ ቦታ። የመቃብር ሰሌዳ ነው! የሽንኩርት ዘንቢሌ ከእጄ አመለጠና ሽንኩርቱ በረንዳውን ሞላው። ክው ብዬ ቀረሁ እንጂ መልቀሙም ትዝ አላለኝ።

‹‹ምነው! ምነው ጋሽ ታፔላ! ሰው በቁሙ እንዲህ ያለ ነገር ለራሱ ይጽፋል?››

‹‹ሌላ ሰው ከሚጽፍልኝ ይሻላል›› አሉ ረጋ ብለው። ‹‹ያ ከታች ሱቅ የከፈተው ጎረምሳ እንዳይጽፍልኝ ነው የፈራሁት። ፊደሉን ያውቁታል፤ እንኳን በቁሙ ያለን ሰው ሬሳንም ያሳፍራል። ቀኑን ብቻ የእህቴ ልጅ ትሞላዋለች።››

‹‹ኧረ በፈጠረዎት! ምን ሆነው ነው?››

በርጩማውን ለቀቁልኝና እሳቸው የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀመጡ። ‹‹ዐይኔ እንደደከመ ያውቃሉ። ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል ተባልኩና ደስ ብሎኝ ሄድኩ። እዚያ ስደርስ ‹ሳል አለብዎት፣ አስቀድመው ደረትዎን ራጅ ይነሡ› አሉኝ። ተነሣሁ። አንድ ወጣት ሐኪም ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ አየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹አባባ፣ ሳንባዎ ላይ ትንሽ እጢ ትታያለች። ምናልባት የድሮ ነቀርሳ ጠባሳ ትሆናለች። ለማንኛውም ሲቲ ስካን ተነሥተው እናረጋግጥ።››› ቀለም የነካው ጣታቸውን አነሡ። ‹‹የድሮ ነቀርሳ! ይሰማሉ እትዬ? አዲስ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። የድሮ! ሳላውቀው ውስጤ ጎጆ ቀልሶ፣ ወልዶ ከብዶ የኖረ!››

ነቀርሳን እኔም አውቀዋለሁ። ባሌን የወሰደው እሱ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ሳል የጀመረው ዝናቡ ሲገባ ነው፣ ዝናቡ ሳይወጣ ቀበርነው። ያ ሁሉ እንደ ትናንት ፊቴ ላይ ተደቀነ።

‹‹ታዲያ ሲቲውን ተነሡ?›› አልኩ እንደ ምንም።

‹‹ምን ሊፈይድልኝ? ፊልሜን ይዤ ወጣሁ። የዐይኑንም ቀጠሮ ተውኩት። ለሚሞት ሰው ዐይን ምን ይሠራለታል? የአፈሩን ውስጥ ሊያይበት?››

‹‹ሕክምና እኮ…››

‹‹ባልዎ ታክመው የለ!›› አሉና ወዲያው ምላሳቸውን ነከሱ። ‹‹ይቅር ይበሉኝ። ግን እትዬ፣ እውነቱን እንነጋገር። ናሙና ብለው መርፌ እስኪያስገቡባቸው ድረስ ቆመው ይሄዱ ነበር። መርፌው ነካው፣ ተቆጣ፣ ተበተነ። ያልነኩት አውሬ አይናከስም። እኔ አላስነካውም፤ ሁለታችንም ተኝተን እንከርማለን።››

ይህን ወሬ እኔም ከለቅሶ ቤት ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ነው። ብዙ ሰው ደጋግሞ ሲለው እውነት ይመስላል። ሽንኩርቴን መልቀም ጀመርኩ።

በዚህ መኻል ‹‹ጋሼ!›› የሚል ድምፅ ከዝናቡ ውስጥ መጣ። የእህታቸው ልጅ ናት፤ ጃንጥላዋን ነፋስ ገልብጦባት፣ ጫማዋ ጭቃ ጠጥቶ። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። አሁን ሐኪም ሆናለች፤ ሥራዋ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ክፍል ተቀምጦ የራጅና የሲቲ ፊልም ማንበብ ነው። ጋሽ ታፔላ ለሰው ሲናገሩ ‹‹የኔ ልጅ የምታነበው አጥንት ነው›› እያሉ ይኮሩባታል።

‹‹እናቴ አሁን ነገረችኝ። ራጅ ተነሥተው ለእኔ አይነግሩኝም? ለእኔ!››

‹‹እንዳትደነግጪ ብዬ ነዋ፣ የኔ እናት።››

ላሜራዋን አየች፤ አነበበቻት። ጃንጥላው ከእጇ ወደቀ። ያን ቀን እዚያ በረንዳ ላይ የያዘውን ያልጣለ ሰው የለም።

‹‹ሐኪሙ ያለዎትን ቃል በቃል ይንገሩኝ›› አለች። ጋሽ ታፔላ ደገሙላት። ‹የድሮ ነቀርሳ ጠባሳ› የሚለው ላይ ሲደርሱ ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ያለቀሰች መስሎኝ ልይዛት ስነሣ፣ እየሳቀች ኖሯል። እየሳቀችም እያለቀሰችም።

‹‹ጋሼ! የምሥራች እኮ ነው የነገረዎት!››

‹‹ነቀርሳ ነው የምሥራቹ?››

‹‹የሳንባ ነቀርሳ ማለቱ ነው! ቲቢ! በኪኒን የሚድነው። ድሮ ይዞዎት፣ ሳያውቁት ሰውነትዎ ራሱ አሸንፎት፣ ጠባሳው ቀርቶ ይሆናል ነው ያለው። ካንሰር አላለም። ሰው ቲቢንም ነቀርሳ ይላል፣ ካንሰርንም ነቀርሳ ይላል፤ ሁለት ጠላት በአንድ ስም ይጠራል። ሐኪሙም ቢሆን ይህን አውቆ ቃሉን መተርጎም ነበረበት።››

እኔና ጋሽ ታፔላ ተያየን። በ‹አ›ና በ‹ዐ› ሃያ ዓመት የተነታረክን ሰዎች፣ ሰውን ከነነፍሱ የሚያስቀብረውን የቃል ልዩነት ግን አላየነውም! ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚባለው ለካ ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ጋሽ ታፔላ ሐኪሙን አንድ ጊዜ ‹‹ምን ማለትህ ነው ልጄ?›› ብለው ቢጠይቁት ያቺ ላሜራ ባልተጻፈች ነበር።

ጋሽ ታፔላ ግን በአንድ ቃል የሚረቱ ሰው አይደሉም። ‹‹ቆይ›› አሉ፣ ‹‹ምናልባት ነው ያለው። ምናልባት ደግ ናት፣ ምናልባት ክፉ ናት። እኔም እንዲህ እላለሁ፤ ደግ ከሆነች ሲቲው አያስፈልገኝም፤ ክፉ ከሆነች አይጠቅመኝም። ቤቴ ብቀመጥ ታዲያ ምን ጎደለብኝ?››

ይህን ብለው ክርክር እንደረታ ጠበቃ ክንዳቸውን አጣመሩ። እውነቱን ለመናገር ለእኔም ያለቀለት ነገር መሰለኝ። ልጅቷ ግን ጭቃዋን ጠራርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

‹‹ደግ ትሁን ክፉ ሳይለዩ እንዴት ፈረዱባት?››

‹‹አንቺስ በምን ትለያለሽ? ደረቴን ከፍተሽ አላየሽ።››

‹‹እርስዎ የሌላ ሰው ሥራ ሲያዩ፣ ጎበዝ የጻፈው ይሁን ጀማሪ የጻፈው በምን ይለያሉ?››

‹‹በጠርዙ ነዋ! ይህም ይጠየቃል?››

‹‹እኛም መጀመሪያ የምናየው ጠርዙን ነው። ደጓ እጢ ብዙውን ጊዜ እንደ ቀለም ጠብታ ናት፤ ክብ፣ ጠርዟ ልሙጥ። ክፉዋ ግን ቀለም ቀጥኖብዎት ከፊደሉ ጠርዝ ሲሾልክ የሚያወጣውን ጸጉር ታወጣለች፤ ወዲህም ወዲያም ትጎትታለች።››

‹‹ታበላሻለች በይኛ›› አሉ ሳያስቡት። የሙያቸው ነገር ሲነሣ መኮራረፍ አይችሉም።

‹‹ሁለተኛው ንጣቷ ነው። እንደ ኖራ የደነደነች ድፍን ነጭ ከሆነች ብዙ ጊዜ የዳነ ቁስል ናት። ሦስተኛው መጠኗ ነው። ትንንሾቹ አብዛኞቹ ደጎች ናቸው፤ በተለቀች ቁጥር ጥርጣሬው ይጨምራል። ከዚያ ሰውየውን እናያለን። ዕድሜው ስንት ነው? ሲጋራ ያጨሳል?››

‹‹እኔ የማጨሰው ቀለም ነው።››

‹‹እሱም ቀላል አይደለም፤ አፍዎን ይሸፍኑ ብዬ ነግሬዎታለሁ። ግን ይህ ሁሉ ፍንጭ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ጠርዟ ልሙጥ ሆኖ ክፉ የወጣችም አጋጥማኛለች። ሲቲ የምናነሣው ለዚህ ነው። ራጅ ሰውየውን ጥላው ላይ እንደማየት ነው፤ ሲቲ ግን ሳንባን እንደ ዳቦ ቆራርጦ ገጽ በገጽ ያሳያል። ያም ካልለየልን ከእጢዋ ላይ ትንሽ ናሙና ይወሰዳል።››

‹‹መርፌማ አይሆንም! መርፌ ሲነካው ይበተናል…››

‹‹መርፌው አይበትነውም ጋሼ። ሰው መርፌው ጋ የሚደርሰው በሽታው ከከፋ በኋላ ነው፤ ከመርፌው በኋላ ሲሞት መርፌው ገደለው ይባላል። እንዲህ ከሆነ እኮ ካህን የገባበት በሽተኛ ቤት ሁሉ ሰው የሚሞተው በካህኑ ነው ማለት ነው።››

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ጋሽ ታፔላ ገላመጡኝ።

‹‹ከሁሉም የሚበልጠው ምስክር ደግሞ ጊዜ ነው›› አለች ልጅቷ። ‹‹ክፉዋ ታድጋለች፤ ደጓ ባለችበት ትቀመጣለች። የዛሬውን ፊልም ከድሮ ፊልም ጎን አድርጎ እንደማየት ያለ ነገር የለም። ጋሼ፣ ያን ጊዜ ከመሰላል ሲወድቁ፣ የጎድን አጥንትዎ ተሰብሮ እንደሆነ ብለው ደረትዎን ራጅ አንሥተዎት አልነበር? ስምንት ዓመት ይሆነዋል። ያ ፊልም የት አለ?››

ጋሽ ታፔላ ቀስ ብለው ወደ ሱቃቸው ግድግዳ ዞሩ።

‹‹ቆረጥኩት›› አሉ።

ይህን አለማወቃችን ነው እንጂ ነገሩ ዐይናችን ሥር ነበር። ጋሽ ታፔላ ትልልቅ ሰሌዳ በቡሩሽ ይጻፉ እንጂ፣ ደጋግሞ የሚጻፈውን ቃል በፊልም ነው የሚያወጡት። ያረጀ የራጅ ፊልም ላይ ፊደሉን በምላጭ ይቀርጹታል፤ ከዚያ ፊልሙን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ቀለም ሲነፉበት ቃሉ ይወጣል። ፊልም ውሃ አያበሰብሰውም፣ አይቀደድም፣ በዚያ ላይ ነጻ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ‹‹ይህን ጋሽ ታፔላ ይጠቀሙበት›› እያለ ይሰጣቸዋል። ግድግዳቸው ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉት ጥቁር ፊልሞች የሠፈሩ ሰው እግር፣ እጅ፣ መንጋጋ፣ ጀርባ ናቸው። ስንት ዓመት ገብቼ ስወጣ ፊደላቸውን አረምኩ እንጂ የማን አጥንት ላይ እንደተጻፉ አላየሁም ነበር።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ አለች። ልጅቷ ፊልሞቹን አንድ በአንድ ከሚስማሩ እያነሣች መስኮቱ ላይ ታያቸው ጀመር። ‹‹ይህ ጉልበት ነው… ይህ የልጅ እጅ ነው… ይህ ደግሞ ማነው፣ ጥርሱ ሁሉ ያለቀ?›› አንዱን ፊልም ረዘም አድርጋ አየችና ጠረጴዛው ላይ ለብቻው አስቀመጠችው። እኔ ያኔ ልብ አላልኩትም። የሁላችንም ልብ የጋሽ ታፔላ ፊልም ላይ ነበር፤ እሱ ከሌለ መዳኛቸውን በገዛ ምላጫቸው ቆርጠው ጥለውታል ማለት ነው። እሳቸው ላብ በላብ ሆነው ‹‹ብቻ የትኛው ላይ… ብቻ የትኛው ላይ…›› ይላሉ።

‹‹ይኸው!›› አለች።

ጥጉ ላይ ስማቸውና ዓመቱ በነጭ ይነበባል። በጎድን አጥንቶቹ ላይ ተጋድሞ የተቀረጸው ቃል ‹መውጫ› ነው። ልጅቷ ከቦርሳቸው አዲሱን ፊልም አወጣች፤ እሱም ላይ በእርሳስ ‹መግቢያ› ተብሎ ተነድፏል።

‹‹ጋሼ! ይህንንም ሊቆርጡት ነበር?››

‹‹ከሚሞት ሰው ጋር ለምን ይባክናል ብዬ ነው›› አሉ አፍረው። ‹‹ደሞ ‹መውጫ› ካለ ‹መግቢያ› ያስፈልጋል።››

አዲሱ ላይ ነጥቧን አሳየችን፤ ቀኝ ሳንባ ላይ፣ ከምስር የምትበልጥ ከሽምብራ የምታንስ፣ ነጭ። ከዚያ ጣቷን በአሮጌው ፊልም ላይ በዚያው ቦታ አሳረፈች። ‹መ› የተቀረጸው ልክ እዚያ ነው! ነጥቧ ከፊደሉ ጋር ተቆርጣ የወደቀች መሰለን። ጋሽ ታፔላ ብቻ ጠጋ ብለው ፊልሙን ነጠቋት።

‹‹የ‹መ›ን ሆድ አየሽው ወይ? ሆዱን!››

ፊደል ስትቀርጽ ‹መ›ን የመሰለ ሆድ ያለው ፊደል ፈተና ነው። ዙሪያውን ከቆረጥከው ሆዱ ወድቆ ቀዳዳ ይሆናል። ስለዚህ ጎበዝ ሠራተኛ ሆዱን የሚይዝ ቀጭን ድልድይ ይተውለታል። ከታች ያለው ጎረምሳ ድልድይ ስለማይተው ‹መ› ሲያወጣ ሁለት ጥቁር ድንች ነው የሚመስለው። የጋሽ ታፔላ ‹መ› ግን ሁለቱም ሆዱ በድልድይ ተይዞ በቦታው አለ፤ በግራው ሆድ ውስጥ ደግሞ ያቺ ነጥብ፣ ነጭ፣ ክብ፣ ተቀምጣለች።

ልጅቷ የጠረጴዛውን ማስመሪያ ወሰደች። አሮጌውን ለካች፤ አዲሱን ለካች፤ ደግማ ለካች። ‹‹እኩል ናት›› አለች ቀስ ብላ። ‹‹ስምንት ዓመት ሙሉ አልተነቃነቀችም። ያኔ ሰው ሁሉ የተሰበረ አጥንት ሲፈልግ እሷን ያያት የለም።››

‹‹ስምንት ዓመት!›› ጋሽ ታፔላ ደረታቸውን ዳበሱ። ‹‹ስምንት ዓመት ሳትከፍል ተከራይታኝ?›› ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ፤ ሳሉ ልቅሶ ሆነ። ጉንጫቸውን በቀለም እጃቸው ጠርገው ፊታቸውን ሰማያዊ አደረጉት። ከዚያ አፍታ ሳይቆይ ብድግ አሉና፣ ‹‹በቃ! አላልኩም? ደግ ናት! ሲቲ ብሎ ነገር የለም። እጢ እኮ ዝም ካሉት ዝም ይላል፤ ይኸው ምስክሩ!›› አሉ።

ወይ ሰው! ከመቃብር ሳይወጡ ሰርግ ቤት ገቡ። ከሞትኩ በቃ ያሉትን ያህል አሁን ደግሞ ከዳንኩ በቃ አሉ። ልጅቷ ያን ለብቻው ያስቀመጠችውን ፊልም አንሥታ መስኮቱ ላይ ለጠፈችው። ‹ክልክል ነው› ይላል።

‹‹ይህ የማን ነው ጋሼ? ይህንን ይዩትና እጢ ዝም ይላል ይበሉኝ።››

ከ‹ክ›ና ከ‹ል› መካከል የቡጢ ያህል ነጭ ነገር ይታያል። ጠርዙ በየአቅጣጫው ጸጉር አውጥቶ እንደ ሸረሪት ይጎትታል። ጋሽ ታፔላ አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ፤ እጃቸውን ሰድደው ፊልሙን ሊያነሡት ሲሉ እኔ ቀደምኳቸው። ጥጉ ላይ የተጻፈው የባሌ ስም ነበር።

ከቀብር በኋላ ዐይኔ እንዳያየው ብዬ ዕቃውን ሁሉ ሳወጣ ፊልሞቹንም ለጋሽ ታፔላ ሰጥቻለሁ። የሰጠሁትን ረስቼው ነበር። ግድግዳ ሙሉ ፊደል ሳርም፣ ያንን ‹ክልክል ነው› ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ባሌን ግን አላየሁትም።

‹‹ጓደኛው አለ›› አሉ ጋሽ ታፔላ በማይሰማ ድምፅ። ‹‹አንድ ላይ ነው የሰጡኝ፤ ቃሉ ረዘመብኝና ለሁለት ከፈልኩት።›› ከመደርደሪያው ሌላ ፊልም አወጡ። እሱ ላይ ያለው ‹መሽናት› ነው።

ልጅቷ ጎን ለጎን አደረገቻቸው። ‹መሽናት› ላይ ያለው ዓመት በአንድ ዓመት ይቀድማል፤ ባሌ መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ለጤና ምርመራ የተነሣው ነው። በዚያው ቦታ፣ ከአጥንት ሥር ተደብቃ፣ አንዲት ትንሽ ነጥብ አለች። ከጋሽ ታፔላዋ ብዙም አትበልጥም፤ ጠርዟ ላይ ብቻ ቀጭን ቀጭን ጸጉር ጀምሯታል።

የዚያን ቀን ማታ እቤት ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ‹‹ሳንባህ ንጹሕ ነው ብለውኛል›› ያለኝ ትዝ አለኝ። ሳያዩት አልፈውት ይሁን፣ ‹‹ተመለስ›› ብለውት ደብቆኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ከእንግዲህም አላውቅም። ሳል አልነበረበትም። ሲጋራው ብቻ ከአፉ አይለይም ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እውነት ነው፣ እያሳሳቀ ወሰደብኝ። መስኮቱን ተደግፌ ጮኼ አለቀስኩ፤ ስንት ዓመት ያላለቀስኩትን።

‹‹ልጄ›› አልኳት ሲወጣልኝ፣ ‹‹በዚህች ጊዜ ተይዛ ቢሆን ኖሮስ?››

‹‹እትዬ፣ ይድኑ ነበር ብዬ አልምልልዎትም። ግን በዚህች ጊዜ ተቆርጦ ሊወጣ የሚችል ነገር ነበር። በዚያኛው ጊዜ አልነበረም።››

ጋሽ ታፔላ ሁለቱን ፊልሞች ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩ። ‹‹መርፌ የነካቸው ከዚህ በኋላ ነው›› አሉ ለራሳቸው። ‹‹ከመርፌው በፊት ይህን ያህል አድጎ ነበር። መርፌውን ስሰድበው ነው የኖርኩት።›› ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ‹‹እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ በእኚያ ደግ ሰው ሳንባ የከተማውን አጥር ሁሉ ‹መሽናት ክልክል ነው› እያልኩበት…››

ክንዳቸውን ያዝኩ።

‹‹የኔ ልጅ›› አሏት የእህታቸውን ልጅ፣ ‹‹ሲቲውን የምነሣው ነገ ነው?››

‹‹ነገ ነው ጋሼ። የእርስዎዋ ደግ መሆኗን ቢያንስ ዘጠና እጅ አምናለሁ። የቀረውን አሥር እጅ ግን በእምነት አንተወውም።››

በማግሥቱ አብሬያቸው ሄድኩ። ከዚያ ማሽን ውስጥ ሲወጡ ‹‹ይኸው ነው? እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር›› አሉ። ውጤቱን ያነበበው ከልጅቷ ሌላ አንጋፋ ሐኪም ነው፤ ነጥቧ ከዳር እስከ ዳር እንደ ኖራ የደነደነች የድሮ ቁስል ጠባሳ ናት፣ ሥጋት የለባትም አለ። ‹‹የድሮ ምን?›› አሉት ጋሽ ታፔላ። ‹‹የድሮ ቲቢ አባባ›› ሲላቸው ‹‹ተባረክ! እንዲህ ነው ንግግር!›› ብለው ትከሻውን መቱት። የዐይናቸውም ሞራ ተገፈፈ። ፋሻው በተፈታ ዕለት መንገድ ለመንገድ ስንመለስ የገዛ ሰሌዳዎቻቸውን ቀና ብለው አዩና ‹‹እትዬ፣ እውነትም ፊደሌም እኔም ጠማማ ነን ለካ!›› አሉኝ። ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ከእኛ ድንጋጤ ትርፉን ውሰዱ። እጢ ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ስለዚህ ስሙን ሰምታችሁ ሰሌዳ አትጻፉ። እጢ ሁሉ ደግም አይደለም፤ ስለዚህ ‹‹አላመመኝም›› ብላችሁ አትተኙ። ሐኪም የነገራችሁ ቃል ካልገባችሁ ‹‹ምን ማለት ነው?›› በሉ፤ መጠየቅ አያሳፍርም፣ ሳይጠይቁ መቀበር ነው የሚያሳፍር። ተመለሱ ካላችሁ ተመለሱ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። የድሮ ራጃችሁን ደግሞ አትጣሉት፤ አንዲት አሮጌ ፊልም አንዱን ከከንቱ ቢላ ታድነዋለች፣ ሌላውን በጊዜ ወደ ቢላው ታደርሰዋለች።

ያቺን ላሜራ ጋሽ ታፔላ አልጣሏትም። በነጭ ቀብተው ሌላ ጻፉባትና የሐኪም ቤቱ ራጅ ክፍል በር ላይ ሰቀሏት፤ ‹የቀድሞ ራጅዎን ይዘው ይምጡ› ትላለች። ፀሐይ በጎን ሲመታት ግን ከሥሯ ‹አረፈ› የሚለው በስሱ ይታያል፤ ያውም በስሕተቱ፣ በአልፋው ‹አ›። አላረምኩትም። ሁለቱን የባሌን ፊልሞች እቤቴ ወስጃቸዋለሁ፤ ጋሽ ታፔላ አሁን ለዚያ ቃል ካርቶን ነው የሚቆርጡት።

በእነሱ የወጡት የድሮ ጽሑፎች ግን ከከተማው ግድግዳ አልጠፉም። ባለፈው ከገበያ ስመለስ አንድ ክራቫት ያሰረ ሰው ከእህል ወፍጮው አጥር ሥር ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ቆሞ አየሁ። ከራሱ በላይ ቀለሙ የደበዘዘ ‹መሽናት ክልክል ነው› የሚል ጽሑፍ አለ፤ ድልድዮቹን አይቼ ከየትኞቹ ፊልሞች እንደወጣ አወቅሁት።

‹‹አንተ!›› አልኩ ሠፈሩን በሚያናውጥ ድምፅ። ‹‹አታይም? የባሌ ሳንባ ነው እኮ!››

ሰውየው ግድግዳውን አየ፤ እኔን አየ፤ ሱሪውን እያጠበቀ ሮጠ። እኔ ግን ሮጦ እስኪጠፋ ድረስ ከዚያ ጽሑፍ ፊት ቆምኩ፤ ተንጠራርቼም ከ‹ክ›ና ከ‹ል› መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በመሐረቤ ጠረግሁለት። ከዚያ የሽንኩርት ዘንቢሌን አንሥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።